ክትባቱ ልጄን ይጎዳት ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 11 ወሯ ነው፣ እንደተወለደች በተደረገላት የደም ምርመራ ኤምካድ የሚባል በዘር የሚመጣ የሜታቦሊዝም በሽታ ተገኘባት። በቅርቡ የኩፍኝ ክትባት ቀጠሮ አላት፣ ባለፈው ሲወጓት ግን ሌሊቱን አተኩሷት ጡትም እምቢ ብላ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። እናቴ «ይቅርባት» ትላለች፣ እኔም ልተወው ነው። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ እህቴ እንዳትተዪው። ያ ሌሊት ምን ያህል እንደከበደሽ ይገባኛል፣ ብቻ የፈራሽው ነገር መርፌው ውስጥ የለም። ሰውነት ምግብ ሲያጣ መጀመሪያ ጉበት ያስቀመጠውን ስኳር ይጨርስና ወደ ስብ ይዞራል፣ የልጅሽ ሰውነት ግን ስቡን የሚሰብረው አንዱ ኢንዛይም ስለሚጎድለው መሀል ላይ ይቆማል። ትኩሳት ሲመጣ ስኳሩ ቶሎ ያልቃል፣ ያተኮሰው ህፃን ደግሞ አይበላም፣ አደጋው ይሄ ነው። ክትባት ኢንዛይሙን አይነካም። ኩፍኝ ራሱ ቢይዛት ግን ለቀናት የሚቆይ ከባድ ትኩሳት አለ፣ ተቅማጥ አለ፣ ምግብ መዝጋት አለ፣ ለሷ ዓይነት ልጅ ከዚህ የባሰ ምን አለ?

ዩሪያ ሳይክል የሚባለው ሌላ የሜታቦሊዝም ችግር ባለባቸው ልጆች ላይ ተጠንቶ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናትም ክትባት በዚያ በሽታ ከሚፈራው በደም ውስጥ የአሞኒያ (የመርዛማ ቆሻሻ) መጨመር ጋር ግንኙነት አላገኘበትም፣ በሽታው የልጅሽ ባይሆንም ፍርሃቱ ግን አንድ ዓይነት ነበር።

አሁን ይሄን ልብ በይልኝ። የብዙ ክትባቶች ትኩሳት በመጀመሪያው ወይ በሁለተኛው ቀን ነው የሚመጣው፣ የኩፍኙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 12ኛው ቀን ባለው ነው፣ እናቶች «አለፈ» ብለው ሲዘናጉ ማለት ነው! ስለዚህ ቀኖቹን ካላንደር ላይ ምልክት አድርጊ፣ ካተኮሳት ሌሊትም ቀስቅሰሽ አጥቢ፣ ሐኪሟ ያዘዘላትን የግሉኮስ መጠጥ ልክ እንደተነገረሽ በጥብጠሽ ስጪ። ፓራሲታሞል በኪሎዋ ልክ ይሰጣታል፣ አስፕሪን በጭራሽ። የድንገተኛ ጊዜ ደብዳቤዋን፣ ማለትም በሽታዋንና ሆስፒታል ስትደርስ ምን እንደሚደረግላት የሚገልጸውን ወረቀት፣ ከሐኪሟ አስቀድመሽ ተቀበይ፣ ከሌለሽ ቀጠሮው ሳይደርስ ጠይቂ።

ካስመለሳት ወይ ምንም አልወስድ ካለች ሳትጠብቂ ደብዳቤውን ይዘሽ ሆስፒታል ሂጂ፣ ግሉኮስ በደም ስር ያስፈልጋታል። እዛም «ስኳሯ ደህና ነው፣ ወደ ቤት ውሰጃት» ካሉሽ ዝም አትበይ። በዚህ በሽታ ስኳር የሚወርደው ዘግይቶ ነው፣ ልጅቷ ከፈዘዘች ወይ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላት መታከም ያለባት ቁጥሩ ገና ደህና እያለ ነው።