ኮዲንግ ላስተምር ወይ ላልሽው

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት፣ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን በዲጂታል ቱልስ ለማስተማር ከኮዲንግ ልጀምር ወይ ነው ያልሽው። ከኔ ልምድ አይ፣ ቢያንስ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ እንዳትሞክሪው። እኔ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጀምሬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሶፍትዌር ስንጭን አለቀ፣ የአንዱ ላፕቶፕ ይሰራል የሌላው እምቢ ይላል፣ ግማሹ ጭራሽ ላፕቶፕ የለውም፣ ጽሑፉን ሳንነካው ልጆቹ ተሰላቹ።

አሁን ቮያንት በሚባል የጽሑፍ መተንተኛ ነው የምጀምረው፣ ብራውዘር ላይ ስለሚከፈት የሚጫን ነገር የለውም፣ ጽሑፉን ፔስት ስታደርጊ ቃላቱን ይቆጥርልሻል። ግን መጀመሪያ በእጅ አስቆጥራቸዋለሁ። አንድ አጭር ልቦለድ ሰጥቼ "ቤት" ስንት ጊዜ መጣ ስላቸው ይጨቃጨቃሉ፣ "ከቤቱ" ይቆጠራል ወይ፣ "ቤተሰብ"ስ? ከዛ ወደ ማሽኑ ስንሄድ ቤት፣ ቤቱ፣ በቤት፣ ከቤታችን ሁሉንም ለየብቻ ቃል አድርጎ ቁጭ፣ ፀሐይና ጸሀይ እንኳን ለሱ ሁለት ናቸው። ከላይ የሚደረድረው ደግሞ ነው፣ ነበር፣ ላይ፣ ውስጥ ምናምን ነው። እነሱን ከቆጠራው አውጧቸው ስል አንዴ አንዷ ተማሪ "ታሪኩ እኮ ስለ ትዝታ ነው፣ ነበርን ካወጣን ምን ቀረ?" አለችኝ፣ የዛን ቀን ያስተማረችው እሷ ናት እኔ ዝም ብዬ ነው የቆምኩት።

ግራፍ አይተው ወዲያው እንዳያምኑ የጉግል ኤንግራምን (አንድ ቃል በየዓመቱ በታተሙ መጻሕፍት ውስጥ ምን ያህል እንደመጣ በግራፍ የሚያሳየውን) አሳያቸዋለሁ። ከ1800 እ.ኤ.አ. በፊት በታተሙ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ላይ ረጅሙን ኤስ (ኤፍ የሚመስለውን የድሮ ኤስ፣ ſ) ማሽኑ ኤፍ ብሎ ስላነበበው አንዳንድ ቃል ድንገት 1800 አካባቢ የተወለደ ይመስላል፣ ማን ጻፈው ብቻ ሳይሆን ማን ስካን አደረገው ብለው መጠየቅ የሚጀምሩት ከዚህ በኋላ ነው።

ጊዜ ከተረፈሽ ኦሜካ (ስብስብን በዌብሳይት ማሳያ ሶፍትዌር ነው) ላይ ትንሽ የፎቶ ስብስብ አሰሪያቸው። ደብሊን ኮር የሚባሉት፣ ስለ እያንዳንዱ ፎቶ የሚሞሉ 15 መሙያዎች (ርዕስ፣ ቀን ምናምን) አሰልቺ ይመስላሉ፣ ግን ቀን የሚለው ጋ ሲደርሱ ፎቶው የተነሳበት ነው ስካን የተደረገበት ብለው ሲከራከሩ የምንጭ ትችት (ምንጩ ከየት መጣ፣ ምን ያህል ይታመናል ብሎ መመርመር) ራሱ ነው እኮ።

ማርክ ስትሰጪ ዌብሳይቱ ስላማረ ብቻ አትስጪ (እኔ ተሸውጃለሁ፣ ዲዛይን የሚችለው ልጅ ብቻውን ሰርቶት ግሩፑ በሙሉ ኤ ወሰደ)፣ እያንዳንዱ ምን ወሰንኩ ለምን ብሎ አንድ ገጽ ይጻፍ። ደግሞ ሁሉም በአንዴ ሲገቡ ቮያንት ሊንቀራፈፍ ስለሚችል ስክሪንሾት ቀድመሽ ያዢ።