ጄኔሬተሩ ፓምፑን ማስነሣት ለምን አቃተው?

የአንባቢያን ጥያቄና የባለሙያ መልስ

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን አካባቢ በአንድ የውኃ አገልግሎት የኤሌክትሮ መካኒካል ሠራተኛ ነኝ። በጣቢያችን እያንዳንዳቸው 55 ኪሎ ዋት የሆኑ፣ በስታር ዴልታ (ሞተሩ መጀመሪያ በዝቅተኛ ቮልቴጅ፣ በ«ስታር»፣ ተነሥቶ ታይመሩ በኋላ ወደ ሙሉ ቮልቴጅ፣ ወደ «ዴልታ»፣ በሚገለብጥበት ዘዴ) የሚነሡ ሁለት ሴንትሪፉጋል ፓምፖች አሉ። በመብራት ኃይል መስመር ያለ ችግር ይነሣሉ። መብራት ሲጠፋ ግን 150 ኬቪኤ (የኤሌክትሪክ አቅም መለኪያ) የሆነው ጄኔሬተራችን አንዱን ፓምፕ ለማስነሣት እንኳ ያቃስታል፤ አምፖሎቹ ይደበዝዛሉ፣ ኮንታክተሩ (ሞተሩን ከኃይል መስመር የሚያገናኘው ማብሪያ) ይንጣጣል፣ አንዳንዴም ብሬከሩ ይወርዳል። ሻጩ ሁለቱንም እንደሚሸከም ነግሮን ነበር። ኃላፊዎቻችን አሁን 250 ኬቪኤ ለመግዛት አስበዋል። መፍትሔው ይህ ነው?

መልስ፦ ሻጩ ያሰላው ፓምፑ ከተነሣ በኋላ የሚወስደውን ነው። አንድ 55 ኪሎ ዋት ሞተር በሙሉ ጭነት ሲሠራ 68 ኬቪኤ ገደማ ስለሚወስድ ሁለቱ ተደምረው 136 ይሆናሉ፤ በወረቀት ላይ 150 በቂ ነው። ነገር ግን ቆሞ የነበረ ሞተር በቀጥታ ከመስመር ሲገናኝ ከመደበኛው አምፔር ስድስትና ሰባት እጥፍ ስለሚጠይቅ፣ አንዱ ፓምፕ ብቻ በዚያች ቅጽበት 440 ኬቪኤ ገደማ ይፈልጋል። የመብራት ኃይል ትራንስፎርመር ከጀርባው ሰፊ መረብ ስላለው ይህን ብዙም ሳይናወጥ ይሰጣል፤ ጄኔሬተር ግን ብቻውን ነው። ትራንዚየንት ሪአክታንሱ (ድንገተኛ ጭነት ሲመጣ የሚያሳየው ውስጣዊ ተቃውሞ) 20 በመቶ ነው ብለን ብናሰላ፣ የ150 ኬቪኤ አልተርኔተር (የጄኔሬተሩ ኤሌክትሪክ አመንጪ ክፍል) ይህን ያህል ሲጠየቅ ቮልቴጁ በ37 በመቶ ገደማ ይወድቃል፤ 380 የነበረው ወደ 240 ይወርዳል ማለት ነው። የሞተር የማዞር ኃይል የሚቀንሰው በቮልቴጁ ስኩዌር ልክ በመሆኑ ከኃይሉ የሚተርፈው 40 በመቶ ብቻ ነው፤ ከዚያው መስመር የሚመገበው የኮንታክተሩ ኮይልም መያዝ ያቅተውና መንጣጣት ይጀምራል።

ታዲያ ስታር ዴልታ እያለን ይህ ከየት መጣ ይሉ ይሆናል። በስታር ጊዜ ጥያቄው ወደ ሲሶ፣ ማለትም ወደ 147 ኬቪኤ ስለሚወርድ፣ ቮልቴጁ የሚወድቀው በ16 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው፤ ይህን ጄኔሬተርዎ ይችለዋል። ችግሩ የማዞር ኃይሉም አብሮ ወደ ሲሶ መውረዱ ነው። በመስመር ኃይል ቶሎ የሚፈጥን ሞተር በጄኔሬተር ሲሆን ይዘገያል፤ በመስመር ኃይል ልክ የተሞላው ታይመር ግን ይህን ስለማያውቅ ሞተሩ ገና መንገድ ላይ እያለ ወደ ዴልታ ይገለብጠዋል። የሞተር አምፔር ደግሞ ፍጥነቱ ከሙሉው 80 በመቶ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ብዙም አይወርድም፤ ስለዚህ ቀድሞ የተገለበጠ ስታር ዴልታ ለጄኔሬተሩ ከቀጥታ ማስነሣት የሚለየው በስም ነው። ከገለጻዎ ስነሣ የእርስዎም ችግር ይህ ይመስለኛል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በአንዱ ፌዝ ላይ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፔር የሚለካ መሣሪያ) አስረው ፓምፑን ያስነሡ። በስታር ጊዜ አምፔሩ ከፍ ብሎ ይቆይና ሞተሩ ሙሉ ፍጥነቱን ሊይዝ ሲል በፍጥነት ያሽቆለቁላል፤ ድምፁም ከማጓራት ወደ ቀጭንና እኩል ድምፅ ይለወጣል። ኮንታክተሩ መገልበጥ ያለበት ከዚህ በኋላ ነው። ቁጥሩ ገና ሳይወርድ ከተገለበጠ ታይመሩን በአንድ በሁለት ሰከንድ እየጨመሩ ይሞክሩ። መንጣጣቱ የሚሰማው ገና ቁልፉ ሲነካ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ የጄኔሬተሩን ኤቪአር (ቮልቴጁን የሚቆጣጠረውን መሣሪያ) ያስመርምሩ። ኤቪአሩ ኃይሉን የሚያገኘው ከዚያው ከአልተርኔተሩ ውጤት ከሆነ፣ ቮልቴጁ በወደቀ ቁጥር እርሱም አብሮ ይዳከማል።

ታይመሩ ቢረዝምም አምፔሩ አልወርድ ካለ የመውጫ ቫልቩን ይመልከቱ። ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ቫልቩ ተዘግቶ ሲዞር የሚጠይቀው የማዞር ኃይል ከሙሉው ግማሽ ገደማ ነው፤ ክፍት ሆኖ ግን በስታር ያለው አቅም ሙሉ ፍጥነት ላይ ላያደርሰው ይችላል። ቫልቩን መዝጋት የመጀመሪያውን የአምፔር ዝላይ አይቀንስም (ብዙዎች ይቀንሳል ብለው ያምናሉ)፤ የሚያሳጥረው ቆይታውን ነው። ወደ ዴልታ ከተገለበጠ በኋላ ቀስ ብለው ይክፈቱት፤ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ከቆየ በፓምፑ ውስጥ ያለው ውኃ ይሞቃል።

ሁለተኛውን ፓምፕ በተመለከተ ሻጩ ከፍታውን የረሳ ይመስለኛል። 150 ኬቪኤ ማለት በጄኔሬተሮች በተለመደው ስሌት (በ0.8 ሲባዛ) 120 ኪሎ ዋት ነው፤ ሁለቱ ፓምፖች በሙሉ ጭነት 118 ያህል ይወስዳሉ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከአቅሙ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፣ ቱርቦ ያለውም ቢሆን መጠኑ ይነስ እንጂ ይቀንሳል። ስለዚህ በመብራት መጥፋት ጊዜ በአንድ ፓምፕ ይሥሩ።

250 ኬቪኤ መግዛት ሁለቱም ፓምፖች የግድ አብረው መሥራት ካለባቸው ብቻ ያስኬዳል። አንዱን ብቻ የሚነዳ ከሆነ በሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ሲሶ በማይሞላ ጭነት ስለሚሠራ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፤ ጭስ ማውጫው በጥላሸትና በቅባት ይሞላል። ለዚህ ከሚወጣው ገንዘብ በጥቂቱ ሶፍት ስታርተር (ቮልቴጁን ቀስ በቀስ እያሳደገ ሞተር የሚያስነሣ መሣሪያ) መግዛት ይቻላል፤ ለእኔ ግን መጀመሪያ ምንም ወጪ የሌለው ታይመሩ ነው።

ጥያቄ፦ በባቱ አካባቢ ባለን እርሻ የጥልቅ ጉድጓድ ፓምፓችን 37 ኪሎ ዋት ሰመርሲብል (ውኃ ውስጥ ሰጥሞ የሚሠራ) ነው። 60 ኬቪኤ ጄኔሬተር በሶፍት ስታርተር ያነሣዋል?

መልስ፦ አያነሣውም። ይህ ፓምፕ ሲሠራ ብቻ 50 ኬቪኤ ገደማ ይወስዳል፤ ሶፍት ስታርተር የመነሻውን አምፔር ወደ መደበኛው ሦስት እጥፍ ቢያወርደው እንኳ 150 ኬቪኤ ይጠየቃል። ቪኤፍዲ (ፍሪኩዌንሲውን በመለወጥ የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ) የመነሻውን ዝላይ ቢያስቀርም የቮልቴጁን ቅርጽ ስለሚያዛባ ጄኔሬተሩ ሰፋ ያለ ትርፍ አቅም እንዲኖረው ይፈልጋል። እዚህ ላይ ትልቅ ጄኔሬተር መግዛት ተገቢ ነው። በየትኛውም መንገድ ቢያስነሡት ፍጥነቱን ቀስ እያሉ ለረጅም ሰከንድ አያሳድጉት፤ የሰመርሲብል ሞተር ግፊት ተሸካሚ ቤሪንግ የሚለሰልሰው ሞተሩ በቂ ፍጥነት ሲይዝ ስለሆነ፣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ከ30 ኸርዝ በላይ መድረስ አለበት። ቪኤፍዲ ከመረጡም የጉድጓዱ ገመድ ረጅም ስለሆነ ከመሣሪያው መውጫ ላይ ማጣሪያ ያስገጥሙ፤ ያለዚያ የሞተሩ ጥቅል መከለያ በቮልቴጅ ዝላይ ይጎዳል።