«ተጣሉ» የሚለው ቃል ማን ማንን እንደመታ አይናገርም

ጥያቄ፦ ደሴ የምማር የማኅበረሰብ ጤና ተማሪ ነኝ። በባልና ሚስት መካከል ስለሚፈጸም አካላዊ ጥቃት ለመመረቂያ ጽሑፌ መጠይቅ ሳዘጋጅ፣ ሴቶች የወንዶችን ያህል እንደሚመቱ የሚያሳዩ የውጭ ጥናቶች አነበብሁ። ይህ በአካባቢዬ ከማየው ጋር አልገጥም አለኝ። ልዩነቱ ከምን መጣ?

መልስ፦ ከአለካኩ ነው የመጣው። ከእነዚህ ጥናቶች ብዙዎቹ የተጠቀሙት አሜሪካዊው ምሁር ሙሬይ ስትራውስ በ1979 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው መለኪያ ሲሆን፣ እርሱም መግፋትንና በጥፊ መምታትን የመሳሰሉ ድርጊቶች ባለፉት 12 ወራት ስንት ጊዜ እንደተፈጸሙ ይቆጥራል። በዚህ ቆጠራ ለማምለጥ ስትል ባሏን የገፋች ሴትና ሚስቱን ከግድግዳ ጋር ያላተመ ባል እኩል ሊመዘገቡ ይችላሉ። በ1996 እ.ኤ.አ. መለኪያው ሲሻሻል ስለ ጉዳት የሚጠይቅ ክፍል ተጨመረለት። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጆን አርቸር በ2000 እ.ኤ.አ. በርካታ ጥናቶችን አጠቃልሎ ሲመረምር፣ በድርጊት ቆጠራ ሴቶች በጥቂቱ በልጠው ቢገኙም ከተጎዱት መካከል 62 በመቶው ሴቶች ነበሩ። ሁለቱም ውጤቶች እውነት ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። በዚያ ላይ በባሏ ፍርሃት የምትኖር ሴት ለጠያቂ በሯን ላትከፍት ስለምትችል፣ እጅግ የከፋው ጥቃት ከቆጠራው ውጭ ሊቀር ይችላል።

የእኛ ቋንቋ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ወሎ ውስጥ ጉዳዩ ለአበጋር (ለአካባቢው ባህላዊ አስታራቂ) ወይም ለሽማግሌ ሲቀርብ «ተጣሉ»፣ «ተደባደቡ» ይባላል፤ ግሱ ራሱ ሁለቱን እኩል ተጠያቂ ስለሚያደርግ ማን እንደመታና ማን እንደተመታ ይጠፋል። ሚስቱን በጥፊ የመታ ባልም «ቀጣኋት» እንጂ «መታኋት» ላይል ይችላል። ስለዚህ «ትጣላላችሁ?» ብለው አይጠይቁ። «በጥፊ መትቶሽ ያውቃል?»፣ «አንቺስ እርሱ ሳይነካሽ መትተሽው ታውቂያለሽ?» እያሉ ድርጊቱን በስሙ ጠርተው፣ ማን እንደጀመረ፣ ቁስል ወይም ስብራት እንደደረሰ፣ ከዚያ በኋላም ማን ማንን እየፈራ እንደሚኖር ለየብቻ ይመዝግቡ። ወንዶችንም ይህንኑ ይጠይቁ፤ በሚስቱ የሚደበደብ ወንድ አለና ሕመሙ ሊናቅ አይገባም።

ከአንድ ቤት ግን ባልንም ሚስትንም አይጠይቁ፤ ባል ሚስቱ የተጠየቀችውን ካወቀ ጥናትዎ ራሱ ለዱላ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ለቡና ከገባችም ወዲያው ስለ ልጆች ክትባት ወደሚጠይቀው ገጽ ይለፉ፤ ይህን ገጽ አስቀድመው ያዘጋጁ።