ስኩተሬ ጉልበት አጣች፤ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ተደፍኖ ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ቱ ስትሮክ የሆነች 50 ሲሲ ስኩተር አለችኝ። ስትነሳ ምንም አትል። ግን ትንሽ ፈጠን እንዳለች ነዳጅ ብጨምርላትም ድምጿ ይታፈናል እንጂ አትሄድም፤ ዳገት ላይማ ጭራሽ ልትቆም ምንም አይቀራትም። ካንዴላና የአየር ፊልትሮ ቀይሬያለሁ፣ ካርቡራቶሩንም አስጠርጌያለሁ፣ ለውጥ የለም። ጓደኛዬ «ማርሚታው በካርቦን ተደፍኗል፣ ኮስቲክ ሶዳ ጨምሪበት» አለኝ። እውነት ነው? ራሴ ልሞክረው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ ልክ ሳይሆን አይቀርም። ቱ ስትሮክ ሞተር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ነው የሚያቃጥለው። ዘይቱ ግን ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፤ የተረፈው ከጥላሸቱ ጋር ተለውሶ ጭስ መውጫው ላይ ይለጠፍና ሙቀቱ እያደረቀው ድንጋይ ያክላል። እንዲህ ዓይነቱ ሞተር ደግሞ የተቃጠለውን ጭስ የሚያስወጣውና አዲሱን የአየርና የቤንዚን ድብልቅ የሚያስገባው በአንድ ጊዜ ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ አሮጌው ጭስ መውጫ ሲያጣ አዲሱ ድብልቅም መግቢያ ያጣል። ድምጿ የሚታፈነው ለዚህ ነው።

ሶዳውን ግን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ማርሚታውን ፍቺና በባትሪ መብራት ሲሊንደሩ ላይ ያለውን የጭስ በር እዪው። ብዙ ጊዜ ጉዱ ያለው እዚያ ነው። አንድ ጊዜ የከፈትኩት ስኩተር በሩ በጥቁር ቅርፊት ተከቦ ትንሿ ጣቴ እንኳን በቅጡ አላለፈችም፣ ማርሚታው ግን ያን ያህል አልነበረም። ካንዴላውን አውጪና ሞተሩን በእጅ ቀስ እያልሽ አዙሪው፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ በሩን ሲዘጋው አቁሚ። እንዲህ ከሆነ ፍርፋሪው ሲሊንደር ውስጥ አይገባም። ከዚያ ጫፉን ባሾልሽው ጠንካራ እንጨት ፋቂው፣ ፍርፋሪውንም በደንብ ጥረጊው። እባክሽ በካቻቪቴ እንዳትነኪው! ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፣ አንዴ ከተጫረ አይመለስም። የማርሚታውን አንገትም፣ ሞተሩ ጋ የሚገጥመውን ማለቴ ነው፣ እንደዚሁ ፋቂው። ይሄ ብቻ በቅቷት የምትድን ስኩተር ብዙ ናት።

ካልበቃት ወደ ሶዳው እንሄዳለን። ግን ማርሚታው ውስጥ ካታሊስት፣ ማለትም የጭሱን መርዛማነት የሚቀንስ ክፍል፣ ካለ ሶዳም እሳትም አይነካውም፤ ካታሊስቱ ይበላሻል። መኖሩን መመሪያ መጽሐፉ ላይ ታገኚዋለሽ። የአሉሚኒየም ክፍል ካለውም ሶዳ አይሆንም፣ ምክንያቱም ሶዳው አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ ሲበላውም የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ያወጣል። ማርሚታው ተራ ብረት ከሆነ ከቤት ውጭ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ፣ የጎማ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አድርገሽ ጀምሪ። ፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጊ። ለ1 ሊትር ውሃ 100 ግራም ያህል ሶዳ ቀስ በቀስ ጨምሪ። ሶዳው ነው ወደ ውሃው የሚገባው፣ ውሃው ወደ ሶዳው በፍጹም! በኃይል ስለሚሞቅ ፊትሽ ላይ ሊረጭ ይችላል። የማርሚታውን አንድ ጫፍ በጎማ ወትፊና ሙዪው፣ ሌላውን ጫፍ ክፍት ተይው፣ ሁለቱም ከተዘጉ ግፊት ይፈጠራል። እንዲሁ አሳድሪውና ጠዋት ጥቁሩን ፈሳሽ በጥንቃቄ አፍስሰሽ ንጹሕ ውሃ እስኪወጣ ደጋግመሽ እጠቢው። የውጭ ቀለሙን ስለሚልጠው ፈሳሹን አታንጠባጥቢበት። ቆዳሽን ከነካሽ ወዲያው በሚፈስ ውሃ ታጠቢ፤ ዓይንሽ ውስጥ ከገባ ደግሞ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ታጥበሽ በቀጥታ ወደ ሐኪም።

በእሳት የሚያቃጥሉትም አሉ። እኔ አልመክርም፤ ስሱን ብረት ያጣምመዋል፣ ጭሱም ለሳንባ መጥፎ ነው።

ስትገጥሚው አዲስ ጓርኒሲዮን (መገጣጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) አድርጊ፣ ዳዶዎቹንም እያፈራረቅሽ አጥብቂ። መጀመሪያ ስትነሳ ነጭ እንፋሎት ብታወጣ አትደንግጪ፣ የቀረው ውሃ ነው።

አሁን ደግሞ ለምን እንደተደፈነ እዪ። ዘይቱን ራስሽ የምትቀላቅዪ ከሆነ መመሪያው ከሚለው አታብዢ፤ 50 ለ 1 የሚል ከሆነ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። የመኪና ሞተር ዘይት አይሆንም፣ ለቱ ስትሮክ የተሠራውን ግዢ። ዘይት ፓምፕ ካላት መስተካከሉን አስፈትሺ። ሁልጊዜ አጭር መንገድ ብቻ የምትነዳ ሞተርም በደንብ ስለማትሞቅ ቶሎ ትደፈናለች።

ጥያቄ፦ የእኔ ስኩተር ፎር ስትሮክ ናት። የጭስ ማውጫው ጫፍ ግን ጥቁር ነው። እኔም ሶዳ ልጠቀም?

መልስ፦ አይ ወንድሜ፣ አንተ ሶዳውን ተወው። ጫፉን በጨርቅ ጥረግና ጨርቁን እየው። ደረቅ ጥላሸት ብቻ ከሆነ ቤንዚን በዝቶባታል፣ ከአየር ፊልትሮው ጀምር። ጨርቁ ዘይት ዘይት ካለ፣ ጭሷም ሰማያዊ ከሆነ ግን ዘይት ወደሚቃጠልበት ክፍል እንዳይገባ የሚያግደው ወይ የፒስተን ፋሻው ወይ የቫልቭ ጎሚኒው አልቋል፣ ጊዜ ሳትሰጥ ለመካኒክ አሳያት።