የቀድሞ ባለቤት ማኅተም ይፋቅን?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። ከውጭ በእርዳታ የሚመጡልን መጻሕፍት የቀድሞ ባለቤቶቻቸው ማኅተም ስላለባቸው፣ እየፋቅን ወይም ወረቀት እየለጠፍንበት የራሳችንን እናሳርፋለን። በቅርቡ ግን በናዚዎች የተዘረፉ የአይሁድ መጻሕፍት በማኅተማቸው እንደተለዩ ሰማሁ፤ የብሬስላው ሴሚናሪም በምሳሌነት ተጠቀሰ። ታሪኩን ብታብራሩልኝ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የአይሁድ ሃይማኖት ሊቃውንት የሚሠለጥኑበት ይህ ሴሚናሪ፣ ዛሬ በፖላንድ ቭሮትስዋቭ በምትባለው በብሬስላው ከተማ፣ ዮናስ ፍሬንክል የተባሉ ነጋዴ በተናዘዙት ሀብት እ.ኤ.አ. በ1854 ተከፈተ። የመጀመሪያው ኃላፊ ዘካርያስ ፍራንክል ነበሩ፤ ስመ ጥሩው የታሪክ ጸሐፊ ሃይንሪክ ግሬትስም እስከ ዕለተ ሞታቸው እዚያው አስተምረዋል። የቤተ መጻሕፍቱ ዕንቁ፣ በጣሊያን ከምትገኘው ከትሪየስቴ ከተማ ሰው ከሊዮን ቪታ ሳራቫል የተገኘው የእጅ ጽሑፎችና የጥንት ሕትመቶች ስብስብ ነበር።

በመላው ጀርመን በአይሁድ ላይ በተፈጸመው የኅዳር 1938ቱ ጥቃት ናዚዎች ሴሚናሪውን ዘጉ፤ መጻሕፍቱም ተዘርፈው ተበታተኑ። ከጦርነቱ በኋላ ከተገኙት ከፊሎቹ በ1950 ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ። ከሳራቫል ስብስብ ወደ 40 የሚጠጉት በፕራግ ቆይተው፣ ወደ ቭሮትስዋቭ የተመለሱት በ2004 ነው። ሰው ከሞተበት ጥፋት አንጻር መጽሐፍ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን መምህራኑና ተማሪዎቹ ለተገደሉበትና ለተሰደዱበት ቤት በእጅ የሚዳሰስ ምስክር ሆኖ የቀረው እርሱ ነው።

ስለ ማኅተሙ የሰሙት እውነት ነው። አሜሪካውያን የተዘረፉ መጻሕፍትን ለባለቤቶቻቸው ለመመለስ በ1946 በጀርመን ኦፈንባክ ከተማ ባቋቋሙት መጋዘን፣ ዕብራይስጥ ማንበብ የማይችሉ ሠራተኞች እያንዳንዳቸው ጥቂት ማኅተሞችን በመልካቸው እንዲያጠኑ ተደርጎ፣ መጽሐፍ በፊታቸው ሲያልፍ የሚያውቁትን ብቻ እያነሡ በየሣጥኑ ይለዩ ነበር። ማኅተሙ የተፋቀ መጽሐፍ በዚህ መንገድ ባለቤቱን ሊያገኝ አይችልም። የእኛም ጸሐፍት በብራናው ላይ «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን» ብለው ሲጽፉ፣ የሰረቀውን ብቻ ሳይሆን የፋቀውንም ማውገዛቸው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ማኅተሙን አይፋቁት። የራሳችሁን በባዶ ቦታ አሳርፉና፣ በመዝገባችሁ ላይ የቀድሞውን ባለቤት ስም፣ መጽሐፉ በእርዳታ መገኘቱንና የተረከባችሁበትን ቀን አስፍሩ።