ለክራር፣ ለማሲንቆና ለቤዝ ጊታር አንድ አምፕ

ወንድሜ፣ ክራር፣ ማሲንቆና ቤዝ ጊታር አሉኝ፣ ለሦስቱም የሚሆን አንድ አምፕ (የድምፅ ማጉያ) የቱ ነው ብለሃል። እኔ ብሆን ባለ ሁለት ቻናል (ሁለት መሣሪያ ለየብቻ የሚሰካበት) የአኩስቲክ አምፕ፣ ማለትም የመሣሪያውን ድምፅ ብዙ ሳይቀይር የሚያጎላውን ነው የምገዛው፣ ከ60 ዋት የማያንስ። የኤሌክትሪክ ጊታር አምፕ ግን ተወው። ቀጭኑን ድምፅ ስለሚቆርጠው ክራሩ ታፍኖ ነው የሚወጣው።

ዋናው ፈተና ማሲንቆው ነው። ቆዳው ከአምፑ የሚወጣውን ድምፅ መልሶ ይቀበላል፣ ትንሽ ከፍ ስታደርገው መጮህ ይጀምራል። ስለዚህ የፌዝ ቁልፍ (የድምፁን ሞገድ የሚገለብጥ) ወይም ኖች ፊልተር (የሚጮኸውን ድምፅ ብቻ ለይቶ የሚቀንስ) ያለው ፈልግ። እኔ ቆዳው ላይ የለጠፍኳትን ፒክአፕ (የመሣሪያውን ድምፅ ተቀብላ ወደ አምፑ የምትልከውን) ክሩን ከተሸከመችው እንጨት ሁለት ጣት ያህል ፈቀቅ አድርጌ፣ አምፑንም ከፊቴ አንስቼ ወደ ጎን ሳዞረው ጩኸቱ በጣም ቀነሰልኝ። ፒክአፑ ፒዬዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር) ከሆነ ደግሞ የአምፑ መግቢያ ኢምፒዳንስ (ለሲግናሉ ያለው የመቋቋም መጠን) 1 ሜጋ ኦም አካባቢ ይሁን፣ አለዚያ ድምፁ ይሳሳል፣ ያ የማሲንቆ ለቅሶ ይጠፋል።

ቤዙ ሌላ ጣጣ አለው። ወፍራሙ ክር እስከ 41 ኸርዝ ይወርዳል። ባለ 8 ኢንች ስፒከር ቤት ውስጥ ለልምምድ ይችለዋል፣ ለሠርግ ብለህ ከፍ ካደረግከው ግን ስፒከሩን ትቀደዋለህ። መድረክ ላይ በዲአይ ቦክስ (የመሣሪያውን ሲግናል ለሳውንድ ሲስተም የሚያስማማ ትንሽ ሳጥን) ወደ ሳውንድ ሲስተሙ ስደደው። አብዛኛውን ጊዜ የምትጫወተው ቤዝ ከሆነ ሐሳቤን እቀይራለሁ፣ ባለ 12 ወይም 15 ኢንች የኪቦርድ አምፕ ውሰድ፣ ክራሩንም አያበላሽብህም።

ብቻ ሱቅ ስትሄድ ማሲንቆውን ይዘህ ሂድ።