መልስ፦ የፓሌት ጃኩ ሚዛን ለምን ይለዋወጣል?

ሰላም ወንድሜ። ያው ዕቃ በፓሌት ጃኩ (ፓሌት የሚባለውን የዕቃ መደርደሪያ ርብራብ በሁለት ሹካ አንስቶ የሚገፋው ባለሚዛን ጋሪ) ላይ አንዴ 612፣ አንዴ 619 ኪሎ አሳየኝ፣ ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆን ላልከው፣ ለጥገና አትቸኩል። መጀመሪያ ወለሉን እይ። ሹካዎቹ ውስጥ ያሉት ሎድ ሴሎች (ክብደቱን የሚለኩት ክፍሎች) የሚያነቡት ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚጫናቸውን ነው፤ ተዳፋት ላይ ከቆምክ ይሳሳታሉ። እኛ መጋዘን በር ላይ ያለችው ትንሽ ተዳፋት ስንት ቀን አጨቃጭቃናለች!

ባዶውን ሹካ ከፍ አድርገህ ዜሮ አስይዘው። ስትጭን ፓሌቱ ከመሬት ሙሉ በሙሉ ይነሳ። ጥጉ ግድግዳ ወይም አጠገቡ ያለ ጆንያ ላይ ከተደገፈ ኪሎው ይጎድላል። እየገፋህም አታንብብ፤ ቁም፣ ቁጥሩ ይርጋ።

ካልተስተካከለ፣ ኪሎው የታወቀ ነገር በሹካው ጫፍም፣ ከሥሩም፣ በግራም በቀኝም እየጫንክ ሞክር። እንደ ቦታው ከተለያየ ችግሩ አንዱ ሎድ ሴል ሳይሆን አይቀርም፤ ያኔ ባለሙያ ጥራ።